ከቡልቂ ዋካ ሃያ ደቂቃ

ባለፈው ሳምንት መርካቶ በልጄ በጀማል ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ስልኩ ከቡልቂ እስከ ዋካ በአይሮፕላን ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው ብሎ ነገረን። ያስጠየቀችው ምሕረት የምትባል የዋካ ነጋዴ ናት። ሸራና የፕላስቲክ ምንጣፍ በጅምላ ገዝታ፣ ግማሹን ዋካ ላለው የእናቷ ሱቅ፣ ግማሹን ደግሞ ባሏ ወዳለበት ወደ ቡልቂ ልትልክ ነበር፤ አንድ መኪና ሁለቱንም ከተማ ያዳርስላት እንደሆነ እያሰበች ነው። ጀማል የሁለቱን ከተሞች ስም ጻፈ። ስልኩ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና ርቀቱንም የበረራውንም ጊዜ ደረደረ፤ ከሥሩ እንዲያውም ለመንገደኛ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚስማማ ምክር ቢጤ ነበረው። ምሕረት ሳቀች። "የቱ አይሮፕላን?" አለች። "ሜዳው ላይ እኮ አሁን ልጆች ኳስ ነው የሚጫወቱበት። መኪናው በሶዶ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ካልተበላሸ ሁለት ቀን ነው።" ጀማልም ሳቀ፣ እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ሃያ ደቂቃውን ግን ከስልኩ በፊት አውቀው ነበር። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ።

ሰማንያን አልፌአለሁ። ሱቁን ለጀማል ካስረከብኩ ቆየሁ፤ ቤት ውዬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ጠዋት ጠዋት ከአብነት በታክሲ እመጣና በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ እቀመጣለሁ። ደንበኛ ሲበዛ ጀማል ከነዱካዬ ወደ ጥግ ይገፋኛል። አልቀየመውም፤ ቦታው በካሬ ሜትር ስንት እንደሚከራይ ስለማውቅ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ራሴን እገፋ ነበር። እዚሁ ቦታ ላይ እኔ ወጣት ሳለሁ ፎቅ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ነስሩ ከስልጤ መጥተን በአንዲት ሳንቃ ላይ መርፌ፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና የጫማ ማሰሪያ ደርድረን እንሸጥ ነበር። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ከፓስቲ ጋር አሥር። አዲስ ካኪ ሱሪ በስድስት ብር ይገኛል። ነስሩ አንድ ካኪ ነበረችው፤ መስመሯ እንዲወጣ ፍራሹ ሥር ዘርግቶ ይተኛባትና ዓርብ ለጁምዓ ብቻ ይለብሳታል። ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው ጥግ ላይ ደግሞ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። አንድ ዘፈን ከወደደ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ስለሚያስጮኸው፣ ሰፈሩ ሳይወድ በግዱ ግጥሙን ያጠናል፤ ነስሩ ሂሳብ ሲሠራ እንኳ ያንጎራጉረው ነበር። ነፋስ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ሁላችንም እናስነጥሳለን። አሁንም እናስነጥሳለን፤ ያልተለወጠው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ደቡብ ወርደን እንድንነግድ የመከረን አንድ የአገራችን ሰው ነው። እዚያ ጨው ያለው ሰው ሁሉ ነገር አለው አለን። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወንድማማቾች አንድ ገበያ ላይ ሱቅ አይከፍቱም። ደንበኛ ይሻማሉ፣ ከዚያ ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ እናት መሃል ገብታ ታለቅሳለች። ስለዚህ ተለያየን። እኔ ቡልቂ ደረሰኝ፣ እሱ ዋካ። ሁለቱም ተራራ ላይ የተቀመጡ፣ ጉም የማይለያቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ኦሞ አለ። በበጋ ከቅሎ ነጋዴዎች ጋር ቆላውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ለመድረስ አምስትም ስድስትም ቀን ይፈጃል። ክረምት ከገባና ኦሞ ከሞላ ግን የሚሞክረው የለም። የሚያገናኘን የማክሰኞ አይሮፕላን ነበረች። ከአዲስ አበባ ተነስታ ቡልቂ ታርፋለች፣ ከዚያ ዋካ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ትኬቱ ከእኔ ወደ ነስሩ አሥራ ሁለት ብር ነበር መሰለኝ። መልሱ ግን ሌላ ጉድ ነው፤ እሱ እኔን ለማየት አገሩን ሁሉ መዞር ስላለበት፣ እኔ ደግሞ ስመለስ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ስለምሸምት፣ ሁልጊዜ የምሄደው እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ቡልቂ ላይ በዓል ነው። ድምፅዋ ከሩቅ ሲሰማ እረኞች ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ፣ ዳኛው ኮቱን ይለብሳል፣ የማይሳፈርም እንግዳ የማይቀበልም ሰው ሜዳውን ዙሪያውን ይቆማል። ውስጧ የቤንዚንና የቆዳ ሽታ ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ በብረት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ጭነቱ በገመድ ይታሰራል፤ ጉልበትህን ጆንያ ላይ አሳርፈህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር እየተያየህ ትበራለህ። ከዚሁ ከመርካቶ በሠላሳ ብር የገዛኋት የእጅ ሰዓት ነበረችኝ። ስንነሳ አያታለሁ፣ ስናርፍ አያታለሁ፤ አንዴ አሥራ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃያ አንድ ደቂቃ። ኦሞን ከላይ ሳየው አንድ ቡናማ ክር ነው። ዋካ ስናርፍ ነስሩ ያቺን ካኪ ለብሶ ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በመስኮቱ ሳየው እጁን አያነሳም፣ አገጩን ብቻ ከፍ ያደርጋል፣ መጣህ እንዴ እንደማለት። አንድ ሳምንት እሱ ጋ ከርሜ በሚቀጥለው ማክሰኞ እነሳለሁ። በሕይወቴ ደስተኛ የነበርኩት መቼ ነው ብለው ቢጠይቁኝ እነዚያን ሳምንቶች እጠራለሁ። እንደ ስም እጠራቸዋለሁ እንጂ ስሜቱን አሁን አላገኘውም።

በአንድ የሰኔ ማክሰኞ አይሮፕላኗ ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። ዋካ የተጻፈ ደብዳቤ ጅማንና አዲስ አበባን ዞሮ ነው ቡልቂ የሚደርሰው፣ እናም ሳምንት ሆኖታል። "ነስሩ ትንሽ አሞታል፣ አታስብ። ጨው አልቆበታል፣ ክረምቱ ሳይዘጋ ላክለት" ይላል። የነስሩ እጅ ጽሑፍ አልነበረም። አየሁት፣ አይቼም አለፍኩት። እኛ በደብዳቤ ክፉ ነገር አንጽፍም። ትንሽ አሞታል ከተባለ ሰውየው አልጋ ላይ ውሏል ማለት ነው። አታስብ የሚል ከተጨመረበት ደግሞ ቶሎ ድረስ ማለት ነው። እኔ ራሴ ለእናታችን እንዲህ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ደብዳቤውን እንደ ጨው ማዘዣ አነበብኩት። ጨዉ በጆንያ ተሰፍቶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኔም ልሄድ ሻንጣዬን ይዤ ነበር።

የአይሮፕላኑ ወኪል ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ሰውንም ዕቃንም በአንድ የቡና ሚዛን ነው የሚመዝኑት፤ የሴቶቹን ክብደት ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ይሰደባሉ። ጨዉን መዘኑ፣ ስልሳ ኪሎ። እኔን ሚዛኑ ላይ አወጡኝ፣ ሃምሳ ዘጠኝ።

"ካፒቴኑ ከስልሳ በላይ አልጭንም ብሏል፣ ሜዳው ረጥቧል" አሉኝ። "ወይ አንተ ወይ ጨውህ።"

"ምን ይሻላል ጋሽ ወልዴ?"

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ወንድምም ያንተ፣ ጨውም ያንተ።"

ሞተሩ እየጮኸ ነው፣ ሰዉ እያየኝ ነው። ባዶ እጄን ብሄድ ነስሩ ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ ሊቀመጥ ነው፣ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሊሄዱበት ነው። "ጨዉን ይጫኑልኝ" አልኩ። "እኔ በሳምንቱ እሄዳለሁ። ሃያ ደቂቃ አይደል እንዴ!"  ጆንያውን በእኔ ቦታ አሰሩትና አይሮፕላኗ ተነሳች።

በሳምንቱ ሄድኩ። ጭነት አልያዝኩም፣ ሎሚና ማር ብቻ። ከቡልቂ ስንነሳ ዝናቡ ቆም ብሎ ነበር። ኦሞን አላየሁትም፤ ከታች ጥጥ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። አሥራ ስምንት ደቂቃ ላይ ካፒቴኑ ዝቅ አደረጋት፣ ዋካ ግን የለችም። ዞረ። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ነጠላቸው ላይ አስመለሱ። ሁለተኛ ዞረ። አንዱ ስለት ሲሳል ሰማሁት። በሦስተኛው በጣም ዝቅ ብለን አንድ አፍታ የዛፍ ጫፍ፣ ጭስ የሚወጣበት የሣር ጣሪያ፣ አንዲት የምትሮጥ ላም አየሁ፤ ወዲያው ነጭ ሆነ። ከዚያ ቀና ብለን ወደ ጅማ ሄድን። ጅማ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ዋካ እስከ መስከረም ዝግ ናት አሉ። መኪና ተሳፍሬ መርካቶ ገባሁ፣ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ መስከረምን ልጠብቅ።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ሦስት የአገራችን ሽማግሌዎች በሩን ቆረቆሩ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ አንድ ላይ ለሌላ ጉዳይ አይመጣም፤ ከመናገራቸው በፊት ነገሩ ገብቶኛል። ሐጅ ያደረጉት ትልቁ ሽማግሌ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። "አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ። ነስሩ አልፏል" አሉ። "መቼ?" አልኩ። እርስ በርስ ተያዩና "ደብዳቤው በተላከልህ በሦስተኛው ቀን" አሉኝ። "ፊትህን ታጠብ፣ ልጄ። አንተ ብትሄድም አትደርስበትም ነበር።" ቆጠርኩት። ደብዳቤው ገና ጅማና አዲስ አበባ ሲዞር እሱ ተቀብሯል ማለት ነው። ጨዉም አልደረሰበት፣ እኔም አልደረስኩበት፤ መንገዱ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ሃያ ቀን ለውጥ አልነበረውም። ይህን ሳውቅ ቀለል አለኝ። ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ አላለቀስኩም። የቡልቂውን ሱቅ በሰው አሸጥኩት። ከዚያ ወዲህ ዋካን አንድም ቀን ረግጫት አላውቅም፣ ሄጄ ምን ላደርግ? መርካቶ ላይ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ደግሞ ተለወጠ፣ መደቡ ፈርሶ ፎቅ ተሠራ። ሚስቴ ስትሞት ሰው ሁሉ ሸምሱ ጠንካራ ነው አለ። ጠንካራ አይደለሁም። ያን ጊዜ ደንዝዤ በዚያው ቀረሁ፤ ከመደንዘዝ ጋር ደግሞ ብዙ ዓመት መኖር ይቻላል።

እንግዲህ ምሕረት በስልኩ ከሳቀች በኋላ ጭነቷ እስኪታሰር ድረስ ሻይ አስመጣንላትና አጠገቤ ተቀመጠች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጨዋታ ትወዳለች።

"ሀጂ፣ ስለ ዋካ አይሮፕላን አባቴ ያወራልንን ብነግርዎት" አለች። "ዝናብ በጣለ ቁጥር እሷኑ ነው የሚያወራት። የእናንተ አገር ልጅ ነበር አሉ፣ ጨው የሚሸጥ። ነስሩ ጨው ይሉታል።"

ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ታሞ ወንድሙን ይጠብቅ ነበር። ወንድሙ ቡልቂ ነው ያለው። ማክሰኞ ሲደርስ አባቴና ሦስት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ሜዳ አወጡት። አይሮፕላኗ መጣች፣ አንድ ጆንያ ጨው ብቻ ወረደ። ሰዉ አዘነለት። እሱ ግን ደስ አለው፤ 'ጨዉን ካስቀደመ ራሱ በሳምንቱ ይከተላል፣ ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ' አለ። ሳምንቱን በዚያ ተስፋ ነው የቆየው ይላል አባቴ። መቼም በዚያ ሁኔታው የሚቆይ ሰው አልነበረም።"

"በሕይወት ነበር?" አልኩ። 

"ነበር እንጂ! በሳምንቱም አወጡት። ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ የእንሰት ቅጠል ይዘውለት ሜዳው መሃል አስቀመጡት። ድምፅዋ መጣ። አንዴ ዞረች። 'ሸምሱ ነው' አለ።"

ጀማል ከሚያስረው ጭነት ላይ ቀና አለ። ዝም እንዲል በዓይኔ ነገርኩት።

"ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው ራሳቸው ላይ ልትወድቅ ደርሳ ከብቱ ሁሉ ደነበረ። ያኔ ታማሚው ከቃሬዛው ላይ እጁን አውጥቶ 'ይሂድ! ይሂድ በሉት! ጭቃ ነው፣ ይወድቅብኛል!' ብሎ ጮኸ። ማን ይሰማዋል? ግን አይሮፕላኗ የሰማችው ይመስል ቀና አለችና ሄደች። 'ሰማኝ' ብሎ ተኛ። ሐሙስ ዕለት አረፈ። አባቴ እስከ ዛሬ የሚከነክነው ግን አንድ ነገር ነው። ወንድምየው እውነት ውስጧ ነበር ወይስ ልጁ ትኩሳት ይዞት ነው እንዲህ ያለው? ይላል።"

ጀማል መጥቶ ትከሻዬን ያዘና "አባዬ" አለ። ምሕረት እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከበሩ በላይ የተጻፈውን ስሜን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ወይኔ! መርዶ ነው የነገርኩዎት? ሻይ እየጠጣሁ?"

"ቁጭ በይ ልጄ፣ አላጠፋሽም" አልኳት። ያኔ በወጉ፣ ሽማግሌ ልከው፣ ፊቴን አስታጥበው ነገሩኝ፤ ለእኔ ሲሉ ግን ቀኑን ዋሹኝ። አልፈረድኩባቸውም። በዚያ ውሸት ሱቅ ከፍቼበታለሁ፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። አሁን እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። እጆቼን አየሁ፤ ጉልበቴ ላይ ተቀምጠዋል፣ የእኔ አይመስሉም። ምሕረት ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ለቅሶ ደራሽ ጎንበስ አለችና "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችኝ። "ግን ሀጂ፣ በሰላም ነው የሄደው። ወንድሜ ሰማኝ ብሎ ነው ያረፈው።"

ለእሷም ለጀማልም ያልነገርኳቸው ነገር አለ። በሦስተኛው ዙር፣ ያ የዛፍ ጫፍ በመስኮቱ ሲያልፍ፣ ከአግዳሚው ተነስቼ የካፒቴኑን በር በሁለት እጄ የደበደብኩት እኔ ነበርኩ። ሌላው ሰው ፈጣሪውን ይለምን ነበር፣ እኔ ግን "ይበቃል! ተወው! እንሂድ!" እያልኩ ጮህኩ። ካፒቴኑ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ነው አፍንጫዋን ቀና ያደረጋት። በራሱ ሊመለስ ይሁን በእኔ ጩኸት አላውቅም፣ ልጠይቀውም አልደፈርኩም። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ከነገሩኝ በኋላ ደግሞ ነስሩ ቀድሞ ከሞተ ሜዳው ላይ ፈራሁ አልፈራሁ ምን ለውጥ አለው ብዬ ተውኩት።

ጭነቱ ታስሮ አለቀ። ምሕረት ልትሄድ ስትነሳ የሁለት ቀን መንገድ የሚጠብቃት ሰው ስለሆነች ሰላም ግቢ አልኳት። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

"ለአባቴ ምን ልበለው፣ ሀጂ?"

"ነበር በይው" አልኳት። "ወንድምየው ውስጧ ነበር።"